በአንድ ቀን ያልቃል ብዬ ስለጻፍሁት ጉዳይ

ሐምሌ 26 ቀን
ደብረ ታቦር

በከተማችን ለልደትና ነዋሪነት ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለተከበሩ አቶ ይሻው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የዘንድሮው የክረምት ብርድ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከስብሰባ ስብሰባ ሲመላለሱ ለሚደክሙት የሥራ ባልደረቦችዎም እንዲቀልላችሁ፣ ሲስተም ለምትሉትም ነገር ፈጣሪ እንደ ሰው ጤና እንዲሰጠው ከልብ እመኛለሁ። የካቲት ላይ መታመሙን በመስኮታችሁ ከሰማን ወዲህ ስሙ በቤታችን ሳይነሣ የዋለበት ቀን የለም። ባለቤቴማ ጧት ስትነሣ ከልጃችን ደኅንነት ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ እሱ ነው።

እኔና ባለቤቴ ዝናሽ ከየካቲት 3 ቀን ጀምሮ እስከዛሬ አሥራ ሰባት ጊዜ ደጃችሁን ረግጠናል። የመጣነው ለአንድ ወረቀት ነው፤ ለእሷ የልደት ምስክር ወረቀት። ያለ እሱ ፓስፖርት አይወጣም፤ ያለ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ ያለ ቪዛ ደግሞ ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ በምትባል ከተማ በነርስነት የምትሠራው ልጃችን መክሊት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ከራስጌዋ ልትቀመጥ አትችልም። እናት ልጇን ማረስ ያለባት መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት የአገር ሰው መናቅ ይሆንብኛል። ስለዚህ ወደ ምስጋናዬ አልፋለሁ።

ለጉዞው ስንሰናዳ የነበረውን ደስታ ካልነገርሁዎት ግን የምስጋናዬ ልክ አይገባዎትም። መክሊት ማርገዟን የነገረችን በኅዳር ነው። ከባሕር ዳር ወዲያ ሄዳ የማታውቀው ዝናሽ በማግስቱ ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ የእኛንና የእነሱን፣ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ የመውለጃውን ቀን፣ ሐምሌ 15ን፣ በሁለቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበበች። በዚያ አገር በክረምታችን ወራት ፀሐይ እስከ ሌሊት ድረስ እንደማትጠልቅ በስልክ ስትሰማ ያሳሰባት አንድ ነገር ነበር፤ ፍልሰታ እዚያ ሆና ሲገባባት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን ታውቃለች? መክሊት ሰዓት የሚባል ነገር እዚያም እንዳለ አስረዳቻት። ዝናሽ አላመነቻትም፤ ፀሐይዋን ያላስተካከለ አገር ሰዓቱን ያስተካክላል ብላ ማመን ከብዷት ነው።

ጎረቤታችን ሀያት፣ ኩዌት አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጠንካራ ልጅ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥርዓት የማስተማር ኃላፊነቱን ወሰደች። ግቢያችን ውስጥ በርጩማዎችን እንደ አውሮፕላን ወንበር በሁለት ረድፍ ደረደረች፤ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ሰቅላ የመፈተሻ በር አደረገችው። «እትዬ፣ ጫማዎን ያውልቁ» ትላታለች። ታወልቃለች። «መቀነትዎንም።» «መቀነቴንማ በሰው ፊት አልፈታም።» «እንግዲያው ስዊድን አይገቡም፤ ይመለሱ፣ ቀጣይ!» ሁለቱ እንዲህ ተቃቅፈው እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ያየሁባቸውን ሰዓታት እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ጥቂት ደጋግ ነገሮች እቆጥራቸዋለሁ።

የሻንጣው ክብደት ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳይበልጥ ስለተባለ፣ እህል ነጋዴው ሰዒድ ሱቅ ወስደን በእህል ሚዛኑ ሰቀልነው። ሠላሳ አንድ ሆነ። የጉና ገብስ የገንፎ ዱቄት፣ የነጠረ ቅቤ፣ አብሽ፣ ሦስት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ። ሰዒድ ሚዛኑን አየና «እመት ዝናሽ፣ ይኼ እኮ ሻንጣ አይደለም፣ ኩንታል ነው» አላት። «ለአራስ ነው» አለችው። «እንግዲያው አራሷን ወደዚህ አስመጧት፤ እሷ ትቀላለች» አለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀናል። አሁን ሳስበው ከእኛ ሁሉ አርቆ ያሰበው ሰዒድ ነበር።

የጉዞውን ዕቅድ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በአንድ ገጽ፣ በቀን በቀኑ አስፍሬዋለሁ። ሀያት አይታው «ጋሼ፣ ወረቀቱን ያስቀድሙ፤ እኔን በዓረብ አገር መንገድ ከወረቀት በቀር ያስቸገረኝ የለም» ብላኝ ነበር። ኅዳር ላይ ነው ያለችኝ። እኔ ግን የልደት ማስረጃውን ለየካቲት መደብሁት፤ በአጠገቡም «አንድ ቀን» ብዬ ጻፍሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ወደ ታች አስረዳለሁ። አሁን አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ፦ ስለ ምስክሮቹ። መመሪያችሁ የልደት ምስክሮች ሦስት እንዲሆኑ፣ ከባለጉዳይዋም ቢያንስ በአሥር ዓመት እንዲበልጡ ያዝዛል። ዝናሽ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስለዚህ ከሰባ አንድ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የሚሰሙ፣ የሚያዩ፣ የታደሰ መታወቂያም ያላቸው ሦስት ዘመዶች ፍለጋ ወጣን፤ በዚህም ሰበብ ለዓመታት ያልጠየቅናቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ እንድንጠይቅ ስላደረጋችሁን አመሰግናለሁ። ሁለቱ ከከተማ ተገኙ። ሦስተኛው የዝናሽ አጎት አያ ጌጡ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ጉና ተራራ ሥር ነው፤ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ ሁለት ሰዓት በበቅሎ ይመጣሉ።

አያ ጌጡ ሦስት ጊዜ መጡ። በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው የአያ ጌጡ መታወቂያ ጊዜው ማለፉ ተደረሰበትና አሳድሰው እንዲመለሱ ተነገራቸው፤ እሳቸውም «እኔስ ራሴ ጊዜዬ ካለፈ ቆየ፤ ወረቀቱ ምን ያድርግ» ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ሞገስ የሚባለው ወጣት በትሕትና ተቀብሎ የተወለደችበትን ዘመን ጠየቃቸው። «በረዶ የጉናን ገብስ የጨረሰበት ዓመት ነው» አሉት። «አባቴ፣ እኔ የምጠይቅዎት ዓመተ ምሕረቱን ነው።» «ልጄ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ምን ምሕረት ነበረና!» ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ፤ ሞገስም ሳቀ። ከዚያም ከእሳቸው ጋር በጣት እየቆጠረ ዓመቱን አገኘው። ይህን ልጅ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ፤ በጽሕፈት ቤቱ በቆየንበት ዘመን ሲሠራ ያየሁት ሰው እሱ ነው።

ሲመለሱ ዝናብ አገኛቸው። አያ ጌጡ ደረታቸውን ታመው አሥር ቀን ተኙ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው አገኘናቸው፤ ሕመማቸውን አልነገሩንም፤ የጠየቁን «ደረሰላት?» ብለው ብቻ ነው። ዝናሽ «ሊደርስ ነው፣ አያ» አለቻቸው። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ በቅሏቸውን ሳይ ቆየሁ።

2ኛ፦ ስለ ማኅተሙ። ከግንቦት 5 ቀን ጀምሮ የዝናሽ ፋይል አንድ ነገር ብቻ ሲቀረው ነበር፤ ማኅተም። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቁልፉ ከማኅተም ያዡ ጋር ነበር። ማኅተም ያዡ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ርክክብ የሚያደርግ ኮሚቴ ተሰየመ፤ ኮሚቴው ሲሟላ ደግሞ ቅጹ ተለወጠና ፋይሉ በአዲሱ ቅጽ እንደገና እንዲሞላ ታዘዘ። አዲሱ ቅጽ ከአሮጌው የሚለየው በወረቀቱ ቀለም መሆኑን እኔ ባላስተውል፣ ዓይኗ የደከመው ዝናሽ አስተውላ ነገረችኝ። መሳቢያው በክረምቱ እርጥበት እንዳይበላሽ አደራ እላለሁ።

3ኛ፦ ስለ አግዳሚው ወንበርና ከበላዩ ስለተሰቀለው ጽሑፍ። ተገልጋይ በሚጠብቅበት ክፍል፣ ከረጅሙ አግዳሚ በላይ፣ በመስተዋት ተከድኖ የተሰቀለ አንድ የጋዜጣ ገጽ አለ። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ነው። ርእሱ «ሰልፍ የተረሳበት ቢሮ» ይላል። ስለ እርስዎ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው፤ ማንኛውም የልደት ማስረጃ በአንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም በአርባ ደቂቃ እንደሚያልቅ ያትታል። በአሥራ ሰባቱም ጊዜ ሌላ ቦታ ባለመኖሩ ከሥሩ ተቀምጠናል።

በሰኔ ወር አንድ ቀን፣ ከይፋግ መጥተው ከተማችን ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አንድ ጎልማሳ ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። ሰዓቱ ሲረዝምባቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አድርገው ያን ገጽ ጮክ ብለው አነበቡት። «‹ተገልጋዩ ገና ወንበሩ ሳይሞቅለት ወረቀቱን ይዞ ይወጣል።› አይ! እኔስ ወንበሩ ሞቆልኝ፣ በርዶልኝ፣ እንደገና ሞቋል። ይኼን የጻፈ ሰው ተሰልፎ አያውቅም፤ ወይም ምሳ ጋብዘውታል።» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዝናሽ ጫማዋን አቀርቅራ አየች። እኔ ኮፍያዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሰውዬው ከሁለቱ አንዱ ነው ብለው ነበር የገመቱት። እውነቱ ሁለቱም ነው። ያን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

4ኛው አቤቱታዬ ስለዚህ በእርስዎ ላይ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ጋዜጣዬ ልኮኝ በመሥሪያ ቤታችሁ የዋልሁት አንድ ቀን ነው። ጧት ሻይ ተጋበዝሁ፤ ክፍል ለክፍል አስጎበኙኝ፤ አንድ ሰው ገብቶ በሰላሳ አምስት ደቂቃ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ በሰዓቴ መዘገብሁ። ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ወንድም መሆኑን ምሳ ላይ ሰማሁ። ሰምቼም ምሳዬን ጨረስሁ። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ የተቀመጡ ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ ለግንዛቤ ማስጨበጫ የተጠሩ ናቸው ተባልሁ። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ግን ስወጣ አንዷን አነጋገርኋት። የተናገረችው በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ዛሬም አለ፤ እንደጻፍሁት እገለብጠዋለሁ፦ «ማሬ፤ ከአንበሳሜ የመጣች፣ እዚህ በሰው ቤት የምትሠራ፤ ለልጇ ማስረጃ፤ አሥራ አንደኛ ቀኗ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ዓርብ ያበቃል።»

ይህ መስመር ጋዜጣው ላይ አልወጣም። የአንዲት ሴት ቃል የአንድ መሥሪያ ቤትን ስኬት አያስተባብልም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ዓርብ ምን እንደሆነ ሄጄ አልጠየቅሁም። ልጁ ያን ዓመት ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ እስከዛሬ አላውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ሰው የሚለውን አላመንሁም፤ ብዙ መግለጫ ተጠራጥሬያለሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ያመንሁት አንድ ጽሑፍ ቢኖር የራሴን ነው። ለየካቲት ወር «አንድ ቀን» ብዬ የመደብሁት ለዚህ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉትን ሦስት ወራት የበላው የእናንተ ሲስተም አይደለም።

ሐምሌ 11 ቀን፣ ከተቆረጠላት ቀን አራት ቀን ቀድማ፣ መክሊት ወንድ ልጅ ወለደች። ከራስጌዋ የነበረችው ስሟን እንኳ አጥርታ ያልያዘችው አዋላጅ ናት። ስልኩ ሲመጣ ዝናሽ ግቢያችን ውስጥ ብቻዋን ሰባት ጊዜ እልል አለች፤ ጎረቤቶች ሰምተው ገቡ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ከኅዳር ጀምሮ ተቆልፎ የኖረውን ሻንጣ ከፍታ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን አወጣች። ገንፎውን እቤታችን አገነፋች፤ መሐሉን አጎድጉዳ ቅቤውን አፈሰሰች፤ ስልኩን በስኒ አስደግፋ ከገበታው ፊት አቆመችው። መክሊት ከነልጇ በስልኩ መስኮት ታየች። ሴቶቹ እየቆረሱ ሲበሉ ታያለች፤ «ለእኔም ጉረሱልኝ» ትላለች። ሀያት በትልቁ ቆርሳ «ይኸው የአንቺ ድርሻ» እያለች ትጎርሳለች። ሁሉም ይስቅ ነበር። ገንፎው አለቀ።

ሴቶቹ ተነሥተው ሲሄዱ ዝናሽን ይቅርታ ጠየቅኋት። የሀያትን ምክር ሰምተን በኅዳር መጀመር ነበረብን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋት። ሳህኑን እያነሣች፣ ሳትቆጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ሀያትማ ለእኔም ነግራኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። እኔ ነኝ ‹እሱ እኮ በጋዜጣ ያወጣው ነው› ብዬ ዝም ያሰኘኋት።»

ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ለመቆጣት ለሳምንታት ያጠራቀምሁት ቃል ሁሉ በዚያች ዐረፍተ ነገር ባዶ ሆነ። በሙያችን አንድ ልማድ አለ፤ የተሳሳተ ነገር ከታተመ በሚቀጥለው እትም እርማት ይወጣል። እኔ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ በመዘግየትስ ከእናንተ አላንስም። እርማቱ ይኸውላችሁ፦ «‹ሰልፍ የተረሳበት ቢሮ› በሚል ርእስ የወጣው ጽሑፍ ትክክል አልነበረም። ሰልፉ ነበረ። ጸሐፊው አይቶታል። በሰልፉ ውስጥ የነበረችውን ማሬ የተባለች እናት ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷን ወይም ልጇን የሚያውቅ ሰው ካለ ያለችበትን እንዲጠቁመው ይለምናል።»

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በመስተዋት የተሰቀለውን ገጽ እንዲያወርዱልኝ ነው። ማውረዱ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ከሆነ ይህን ደብዳቤ በላዩ ለጥፋችሁ እንድትተዉት እስማማለሁ። ሁለተኛው የዝናሽ ወረቀት ነው። የልጁ ክርስትና ነሐሴ 20 ቀን ነው፤ ለዚያ እንደማትደርስ አውቀናል። ጥርስ እስኪያበቅል ግን ጊዜ አለ። ዝናሽ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት አንብባዋለች፤ እንድሰርዝ የጠየቀችኝ አንድም ቃል የለም። አንድ ነገር እንድጨምር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሞገስ ከዚህ የተነሣ እንዳይጎዳ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተማችሁ በሰላም ከመሳቢያው መውጣትን፣ ለእርስዎም ከስብሰባ የተረፈ አንድ የሥራ ቀን እየተመኘሁ፣ ተራዬን ሳላልፍ፣ ድምፄንም ሳላሰማ አሥራ ሰባት ቀን ከአግዳሚያችሁ የተቀመጥሁት፣ ከዚያ በፊት ግን ስለ አግዳሚው ሳልቀመጥበት የጻፍሁት፣

ከአክብሮትና ከብዙ እፍረት ጋር፣

አለምነው ፋንታው
ጡረተኛ ጋዜጠኛ፣ የዝናሽ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጅ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን፣ እናቱ ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ የልደት ምዝገባው አልቆ ቁጥሩ በስልኳ ደርሷታል። አያቱ በእናንተ ዘንድ ገና አልተወለደችም። በመዝገብ ሲታይ እንግዲህ ከሁለቱ ታላቁ እሱ ነው። ወደፊት እግዚአብሔር ሲያገናኛቸው ማን የማንን ጉልበት እንደሚስም መመሪያ ካላችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።